የሕዝብ ግንኙነት ሙያና ጀማሪው ባለሙያ

ማንኛውም መሥሪያ ቤት ብቻውን አይኖርም። ትምህርት ቤት ተማሪና ወላጅ፣ ሐኪም ቤት በሽተኛና አስታማሚ፣ ፋብሪካ ሠራተኛና ሸማች፣ የውኃ አገልግሎትም የቧንቧ ተጠቃሚ አለው። እነዚህ ሰዎች ስለ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቁት፣ የሚያስቡትና የሚናገሩት ነገር ሥራውን ያቃናዋል፤ ወይም ያሰናክለዋል። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱና በሕዝቡ መካከል ቆሞ የአንደኛውን ቃል ለሌላው በትክክል የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ተግባር የሕዝብ ግንኙነት ይባላል።

ብዙ ወጣቶች ይህን ሙያ በሩቁ ሲመለከቱት ሥራው አምሮ ለብሶ እንግዳ መቀበል፣ በስብሰባ ላይ ድምፅ ማጉያ መያዝና የመሥሪያ ቤትን ኃላፊ ማሞገስ ይመስላቸዋል። ሙያው ግን ከዚህ የራቀ ነው። ዋና መሣሪያው ቋንቋ፣ ዋና ሀብቱም መታመን ነው። ቋንቋ በትምህርትና በልምምድ ይገኛል፤ መታመን ግን በብዙ ዘመን ተገንብቶ በአንድ ቀን ሊፈርስ ይችላል። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባው ነገር ይኸው ነው።

የሙያው ስም አዲስ ቢሆንም ተግባሩ በአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀድሞ ዘመን የመንግሥት ትእዛዝ ለሕዝብ የሚደርሰው በአዋጅ ነጋሪ አማካይነት ነበር። ገበያተኛው በተሰበሰበበት ቦታ ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጅ ነጋሪውም ድምፁን ከፍ አድርጎ የተላከበትን ቃል ያሰማል፤ የሰማውም ላልሰማው እንዲያሰማ ይታዘዛል። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሎ መሰየሙ የዚህን ልማድ ሥር መስደድ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ቃል የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ብቻ አልነበረም። የጥንት ገዢዎች የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር በትውፊት ይነገራል። እረኛው በመስክ የሚያንጎራጉረው ግጥም በየቤቱ በሹክሹክታ የሚነገረውን ነገር ይዞ ይወጣልና ነው። እንግዲህ ነጋሪቱ የመንገር፣ የእረኛው ግጥም ደግሞ የመስማት ምሳሌ ሊሆኑ ይችላሉ። የሕዝብ ግንኙነት ሙያ እነዚህን ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ነው። ነጋሪቱን ብቻ የሚጎስምና እረኛውን የማያዳምጥ ሰው የሥራውን እኩሌታ ብቻ ይሠራል።

ይህ ተግባር ራሱን የቻለ ዘመናዊ ሙያ ሆኖ የታወቀው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ነው። በዚያ ጊዜ ታላላቅ የባቡርና የማዕድን ኩባንያዎች አደጋ ሲደርስባቸው ነገሩን መሸሸግ፣ ጋዜጠኞችንም ማባረር ልማዳቸው ነበር። ቀድሞ ጋዜጠኛ የነበረው አይቪ ሊ ይህን ልማድ የሚቃወም አሳብ ይዞ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1906 ለጋዜጦች በላከው የመርሕ መግለጫ ሥራው በግልጽ የሚከናወን መሆኑን፣ የሚሰጠውም ወሬ ፈጣንና ትክክለኛ እንደሚሆን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የፔንስልቬንያ የባቡር ኩባንያ ባቡር በአትላንቲክ ሲቲ ከተማ አጠገብ ከድልድይ ወድቆ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሊ ስለ አደጋው ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለጋዜጦች አደለ። ይህም ጽሑፍ በዘመናዊው ሙያ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ጋዜጣዊ መግለጫዎች እንደ አንዱ ይቆጠራል።

የዚሁ ሰው ታሪክ ግን በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1914 በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፣ ሉድሎው በተባለ ስፍራ፣ ሥራ ያቆሙ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች በሚኖሩበት የድንኳን ሰፈር ላይ ጥቃት ደርሶ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር አለቁ። ሊ የማዕድኑን ባለቤቶች ወክሎ ጽሑፎችን ያሠራጭ ጀመር። ከጽሑፎቹ መካከል የሠራተኛውን ማኅበር መሪዎች ክፍያ ከእውነቱ እጅግ አብዝቶ የሚያሳይ ይገኝበት ነበር። በኋላ በአንድ የመንግሥት መርማሪ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ፣ ከኩባንያው የተሰጠውን ወሬ ትክክለኛነት ለማጣራት ምንም እንዳልሞከረ አመነ። ስምንት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ትክክለኛ ወሬ እሰጣለሁ ያለው ሰው፣ የሰጡትን ሳይመረምር በማስተላለፉ ስሙ ጎደፈ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮችን እንማራለን። አንደኛው፣ እውነትን ፈጥኖ መናገር ለመሥሪያ ቤትም ለሕዝብም እንደሚጠቅም ነው። ሁለተኛውም፣ «አለቃዬ የሰጠኝን ጻፍሁ» ማለት ባለሙያውን ከኃላፊነት ነፃ እንደማያወጣው ነው። ጽሑፉ ከእጁ ከመውጣቱ በፊት «ይህ ነገር እውነት ነውን? በምን አወቅሁ?» ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያ ግዴታው ነው። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፣ የተሠራጨ ቃል ተመልሶ አይሰበሰብምና።

የሕዝብ ግንኙነት ከሁለት ጎረቤት ሙያዎች ጋር ስለሚምታታ ልዩነቱን መግለጥ ያስፈልጋል። የማስታወቂያ ሠራተኛ በጋዜጣ ወይም በራዲዮ ቦታና ጊዜ በገንዘብ ገዝቶ ዕቃ እንዲሸጥለት ይናገራል። ጋዜጠኛ ደግሞ የሚሠራው ለአንባቢው ወይም ለአድማጩ ነው፤ ጥያቄውንም የሚመርጠው ራሱ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ግን የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ስለ መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ ይናገራል፤ ስለ ሕዝቡም ለመሥሪያ ቤቱ ይናገራል። የማን ሠራተኛ እንደሆነ አይሸሽግም፤ ወገንተኛ መሆኑ ግን ሐሰተኛ እንዲሆን አይፈቅድለትም።

በአገራችን ይህ ኃላፊነት በሕግም ተደግፏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ዜጎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው አረጋግጧል። በዚህም አዋጅ መሠረት የመረጃ ጥያቄ የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሲሆን፣ መልሱም ከ30 ቀን ባልበለጠ ጊዜ እንዲሰጥ ተደንግጓል። እንግዲህ ለጠያቂው መልስ መስጠት የባለሙያው በጎ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታው ነው ማለት ነው።

አንድ ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ቢቀጠር ወዲያውኑ የመሥሪያ ቤቱ ቃል አቀባይ አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ጠዋት በጋዜጣ፣ በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ መገናኛ ስለ መሥሪያ ቤቱ የተነገረውን ለቅሞ ለኃላፊዎች በአጭሩ ያቀርባል። የመግለጫ ረቂቅ ይጽፋል፤ ለፎቶግራፍ መግለጫ ቃል ያዘጋጃል፤ የስብሰባ አዳራሽ ያሰናዳል፤ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ የተጻፈውንና የታተመውን ሁሉ በማኅደር ያስቀምጣል። ስልክ ያነሣል፤ አቤቱታ የያዘውን ሰው ተቀብሎ ያነጋግራል። ከነዚህ ሁሉ ግን ማንነቱን የሚያስመሰክረው ጽሑፉ ነው። ይህንም በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

በአንዲት ከተማ የውኃ ቧንቧ ተሰበረ እንበል። ጀማሪው ባለሙያ ማስታወቂያ እንዲጽፍ ታዘዘ። በመጀመሪያም የሚከተለውን ጻፈ።

«መሥሪያ ቤታችን የኅብረተሰቡን የውኃ ተጠቃሚነት ከማረጋገጥ አኳያ እያከናወነ ባለው ዘርፈ ብዙ የማሻሻያ ሥራ ምክንያት በአንዳንድ አካባቢዎች ለተወሰነ ጊዜ የአገልግሎት መቆራረጥ ሊከሰት ስለሚችል፣ የተከበራችሁ ደንበኞቻችን በትዕግሥት እንድትጠባበቁ እናሳስባለን።»

ይህ ማስታወቂያ ሲያነቡት ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ምንም አይናገርም። «አንዳንድ አካባቢዎች» የትኞቹ ናቸው? «የተወሰነ ጊዜ» ስንት ሰዓት ነው? ውኃው በእርግጥ ይቋረጣል ወይስ ላይቋረጥ ይችላል? ከሁሉም በላይ፣ ቧንቧ መሰበሩ ተሸሽጎ በ«ማሻሻያ ሥራ» ተተክቷል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም፤ ሐቅን መሸፈኛ ሲሆን ግን ስሕተት ነው። ባለሙያው ወደ ጥገና ክፍል ሄዶ፣ ነገሩን ከመሐንዲሶቹ ጠይቆና አጣርቶ፣ ሁለተኛውን ረቂቅ እንደሚከተለው አዘጋጀ።

«በቀበሌ 05 እና በቀበሌ 06 የሚያልፈው ዋናው የውኃ ቧንቧ ተሰብሯል። ስለዚህ ከማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት እስከ ረቡዕ ማታ 12 ሰዓት በሁለቱ ቀበሌዎች ውኃ አይኖርም። በገበያው አደባባይና በጤና ጣቢያው በር ላይ ውኃ የጫኑ ቦቴዎች ይቆማሉ። ጥገናው የሚዘገይ ከሆነ ረቡዕ በ9 ሰዓት እናስታውቃለን። ለሚደርስባችሁ ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ሁለተኛው ማስታወቂያ ምን እንደሆነ፣ የት፣ መቼ፣ ለምንና ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራል። ይህን ያነበበች እናት ሰኞ ማታ ጀሪካኖቿን ትሞላለች፤ እንጀራ ጋጋሪዋ ሊጧን አስቀድማ ታቦካለች፤ የጤና ጣቢያው ሠራተኞችም መጠባበቂያ ውኃ ያዘጋጃሉ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ግን ማንንም ለምንም አያዘጋጅም። በቋንቋ ትምህርት ክፍል «ግልጽነት» የሚባለው ነገር የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ግልጽ ያልሆነ ጽሑፍ ሰውን ውኃ ያሳጣል።

ማስታወቂያው ከወጣ በኋላም ሥራው አላለቀም። ባለሙያው ወደ ቀበሌዎቹ ሄዶ ማዳመጥ አለበት። አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ ቦቴው የሚቆምበት ስፍራ ለእኔ ሩቅ ነው፤ እንስራ ተሸክሜ ዳገት አልወጣም» ቢሉት፣ ይህን ቃል ይዞ ተመልሶ ለኃላፊው መንገርና ቦቴው ወደ ሰፈራቸው የሚጠጋበትን መንገድ ማመልከት ይገባዋል። በቀድሞው አነጋገር እረኛው ያለውን ሰማ ማለት ይህ ነው።

የሚነገረው ቃል አድማጩ በሚያውቀው ቋንቋ መሆን እንዳለበትም መዘንጋት አይገባም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች እንዲሰጥ የተደረገው ስለዚህ ነበር። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ለሚሠራ ባለሙያ፣ ከአማርኛ ሌላ አንድ ወይም ሁለት የአገር ውስጥ ቋንቋ ማወቅ ከጌጥ የሚቆጠር ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው።

የሙያው ክብደት ይበልጥ የሚታወቀው በጭንቅ ቀን ነው። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። አየር መንገዱ በዚያው ጠዋት ባወጣው የመጀመሪያ መግለጫ አደጋው መድረሱን፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች እንደነበሩ እንደሚታመን፣ በሕይወት ስለተረፉም ሆነ ስለሞቱ ሰዎች የተረጋገጠ ወሬ ገና እንዳልደረሰው ገለጸ። ለቤተ ሰብና ለወዳጅ የመረጃ ማእከልና የስልክ ቁጥር እንደሚዘጋጅም አስታወቀ። በዚያው ዕለትም በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ማለፋቸውን አረጋገጠ።

የመጀመሪያውን መግለጫ አቀራረብ ልብ እንበል። የሚያውቁትን ነገር ያውቁታል ብሎ፣ ያልተረጋገጠውን ገና አልተረጋገጠም ብሎ ለየ። ወሬ በእጅ ስልክ አማካይነት በደቂቃዎች ውስጥ አገር በሚያዳርስበት ዘመን፣ መሥሪያ ቤት ዝም ባለ ጊዜ ባዶውን ስፍራ አሉባልታ ይሞላዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ለመቅደም ሲባል ያልተጣራ ነገር መናገር የዘመዱን ድምፅ ለሚጠባበቅ ሰው የማይሽር ቁስል ነው። በፍጥነትና በጥንቃቄ መካከል ያለውን ይህን ጠባብ መንገድ መሄድ ከባለሙያው የሚጠበቅ ችሎታ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግር ፈተና ግን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ሊመጣ ይችላል። ቀደም ሲል በጠቀስናት ከተማ፣ ከአንዱ ጉድጓድ የሚወጣው ውኃ ለመጠጥ እንደማይበጅ በምርመራ ታወቀ እንበል። የክፍሉ አለቃም ጀማሪውን ባለሙያ ጠርቶ፣ «በዓሉ እስኪያልፍ ውኃው ንጹሕ ነው ብለህ ጻፍ» አለው። ወጣቱ ምን ማድረግ ይገባዋል? ሥራውን ገና መጀመሩ ነው፤ ምናልባትም ደመወዙን የሚጠባበቁ ወላጆች አሉት። አለቃውን በቁጣ መናገር አይጠቅምም፤ እሺ ብሎ መጻፍ ግን ሕፃናትን ለበሽታ ይዳርጋል።

አስተዋይ ባለሙያ በመጀመሪያ ጉዳቱን በአክብሮት ያስረዳል፤ ነገሩ በሁለት ቀን ውስጥ መታወቁ እንደማይቀር፣ ያን ጊዜም መሥሪያ ቤቱ በውኃው ብቻ ሳይሆን በውሸቱም እንደሚወቀስ ያመለክታል። ቀጥሎ እውነቱን የያዘ አጭር ማስታወቂያ አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ ውኃውን አፍልቶ መጠጣት የሚበቃ መሆን አለመሆኑን ከጤና ባለሙያዎች ጠይቆ ይጨምርበታል። ይህ ካልተቻለ አሳቡን በጽሑፍ አድርጎ ለበላይ ኃላፊ ያቀርባል። በመጨረሻም ሐሰቱን በእጁ እንደማይጽፍ በትሕትና ይናገራል። ይህ ውሳኔ ዋጋ ሊያስከፍለው እንደሚችል መሸሸግ አይገባም፤ ነገር ግን አይቪ ሊ ከከፈለው ዋጋ አይበልጥም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። እውነት መናገር ማለት ያወቁትን ሁሉ ማውጣት ማለት አይደለም። የበሽተኛ የሕክምና መዝገብ፣ የሠራተኛ የግል ጉዳይ፣ በፍርድ ቤት የተያዘ ምስጢር በአግባቡ ይጠበቃሉ። ባለሙያው «ይህን ለመግለጽ አልችልም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ሊል ይችላል። ያልሆነውን ሆነ፣ የሆነውንም አልሆነም ማለት ግን አይችልም።

ይህን ሙያ የሚመርጥ ተማሪ ዝግጅቱን ከአሁኑ ሊጀምር ይችላል። በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ገብቶ ዜና ይጻፍ፤ የወላጆች ስብሰባ ሲደረግ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ በክርክር ክበብ ውስጥ የማይስማማበትን አሳብ ሳያዛባ መልሶ መናገርን ይለማመድ። ረጅም ንግግር አዳምጦ በአምስት ዓረፍተ ነገር ማሳጠር፣ የጻፉትን ለጓደኛ አንብቦ ያልገባውን መጠየቅ፣ ጋዜጣ በየጊዜው ማንበብ፣ ቁጥርና ስም ሁለት ጊዜ ማረጋገጥ ገንዘብ የማይጠይቁ ልምምዶች ናቸው። የጻፋቸውንም ጽሑፎች ቀን እየጻፈባቸው በአንድ ማኅደር ቢያስቀምጥ፣ ኋላ ሥራ ሲጠይቅ የሥራ ናሙና አድርጎ ሊያቀርባቸው ይችላል።

ከሁለተኛ ደረጃ በኋላም በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የጋዜጠኝነትና የኮሙኒኬሽን ትምህርት መማር ይቻላል። በቋንቋ፣ በታሪክ ወይም በኅብረተሰብ ሳይንስ የተመረቁ ሰዎችም ወደ ሙያው ይገባሉ። በትምህርት ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚደረግ የተግባር ልምምድ እጅግ ይጠቅማል፤ የሥራ ልምድ የማይጠይቅ የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣም የተዘጋጀው ሰው ይቀድማል። መሥሪያ ቤቱ ሚኒስቴርም ሆነ ባንክ፣ ሐኪም ቤትም ሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ጀማሪው የሚሠራበትን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። ስለ ውኃ ሳያውቅ ስለ ውኃ አገልግሎት የሚናገር ሰው የሚያወራው ስለ ቃላት ብቻ ነው።

በአጠቃላይ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ የሁለት ወገን አደራ የተሸከመ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ስሙን፣ ሕዝቡም እምነቱን ይሰጠዋል። የመሥሪያ ቤቱን ስም በሐሰት ሊያስጠብቅ ቢሞክር ሁለቱንም ያጣል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው። ጀማሪው ባለሙያም ነገ የሚጠራውን እውነት ዛሬውኑ፣ በግልጽ ቋንቋና በትሕትና ቢናገር፣ ቀስ በቀስ ቃሉ የሚታመን ሰው ይሆናል። ሙያው የሚጀምረውም ሆነ የሚጸናው በዚህ ነው።